ሩት ካናል ልታሠሩ ነው? ከመጀመሪያው ህመም እስከ ክራውን (ጥርሱን ከላይ የሚሸፍነው ቆብ) ድረስ ማወቅ ያለባችሁ

ሩት ካናል፣ ማለትም የታመመ ጥርስን ውስጡን አጽድቶ የመድፈን ህክምና፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራው ህመሙን ነው፣ እኔ ግን ይሄን ሁሉ የምጽፈው ሰው ህመሙ ሲቆምለት ህክምናውን መሀል ላይ ጥሎት ስለሚጠፋ ነው። እኔም እንደዛ አድርጌ አውቃለሁ። የታችኛው መንጋጋዬን ሁለት ቀጠሮ ሄጄ ህመሙ ጭጭ ሲልልኝ ሶስተኛውን ቀጠሮ ዛሬ ነገ ስል ወራት አለፉ፣ አንድ ቀን ምሳ እየበላሁ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ጥርሱ ከላይ እስከ ስሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር፣ እንደዛ ከተሰነጠቀ ደሞ የሚደረግለት ነገር የለም፣ ተነቀለ። ከአመታት በኋላ በሌላኛው በኩል ያለው መንጋጋ ሲታመም ግን እስከ መጨረሻው ጨረስኩት፣ ዛሬም በሱ ነው የማኝከው። ያኔ ማወቅ የነበረብኝን ነገር በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ምኑ እንደሚሠራ ይግባን

ጥርስ ከውጪ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ውስጡ ህይወት አለው። ላዩ ኢናሜል ነው፣ ቀጥሎ ዴንቲን፣ መሀሉ ላይ ደሞ ፐልፕ የሚባል ለስላሳ ነገር አለ፣ ነርቩም የደም ስሩም እዛ ነው ያለው፣ እንደ ቀጭን ቱቦ ሆኖ በጥርሱ ስር ውስጥ እስከ ጫፍ ድረስ ይወርዳል። ካናል የሚሉት ይሄን ቱቦ ነው። ጥርስ ተቦርቡሮ ባክቴሪያው ፐልፑ ጋ ሲደርስ ፐልፑ ይቆጣል፣ ሌላ የሰውነት ክፍል ቢሆን አብጦ ይተነፍሳል፣ ጥርስ ውስጥ ግን ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ ማበጫ ቦታ የለውም፣ ግፊቱ እዛው ይጨምራል፣ እንደዛ የሚጠዘጥዘው ለዛ ነው። ዝም ከተባለ ፐልፑ ይሞታል፣ የሞተው ነገር የባክቴሪያ ቤት ይሆናል፣ ከዛ በስሩ ጫፍ ወጥቶ ዙሪያውን ያለውን አጥንት ይበላል፣ መግል ይቋጥራል።

ሩት ካናል ማለት በቃ ይሄን የታመመ ወይ የሞተ ነገር አውጥቶ፣ ቱቦውን አጥቦ አድርቆ፣ ተመልሶ ምንም እንዳይገባበት ጥብቅ አድርጎ መድፈን ነው። ነርቩ ወጣ ማለት ጥርሱ ይወድቃል ማለት አይደለም፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋ የያዘው ዙሪያውን ያለው ጅማት ስለሆነ ባለበት ቆሞ ስራውን ይሠራል።

የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ 1 ካናል ነው ያለው፣ ከመንጋጋ ፊት ያሉት ትናንሾቹ 1 ወይ 2፣ መንጋጋ ደሞ ብዙ ጊዜ 3 ወይ 4። የላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ላይ አራተኛዋ ካናል በጣም ቀጭን ስለሆነች በቀላሉ ትታለፋለች፣ የታለፈች ካናል ደሞ በኋላ ኢንፌክሽኑ እንዲመለስ ከሚያደርጉ ነገሮች አንዷ ናት። ስለዚህ የጓደኛችሁ የፊት ጥርስ በአንድ ቀን ስላለቀ የናንተ መንጋጋ ለምን 2 ወይ 3 ቀጠሮ ይፈጃል ብላችሁ ሀኪሙን አታስቸኩሉ።

1. ህመሙን አዳምጡት፣ ጻፉትም

ቀዝቃዛ ነገር ስትጠጡ ውርር አድርጎ ወዲያው የሚለቅ ከሆነ ነርቩ ገና ሊድን ይችላል፣ ምናልባት ጥርሱን ማስሞላት ብቻ ይበቃል። ቀዝቃዛው ከሄደ በኋላ ግማሽ ደቂቃና ከዛ በላይ እየጠዘጠዘ የሚቆይ ከሆነ፣ ሙቅ ሲነካው የሚብስ ከሆነ፣ ምንም ሳትነኩት በራሱ ጊዜ የሚነሳ ወይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ ግን ነርቩ ወደማይመለስበት ደረጃ ደርሷል ማለት ነው። ጋደም ስትሉ የሚብሰው ወደ ጭንቅላት የሚሄደው የደም ግፊት ስለሚጨምር ነው፣ ያን ሌሊት ትራስ ደራርባችሁ ቀና ብላችሁ ብትተኙ ትንሽ ይሻላል።

አንዳንዴ የትኛው ጥርስ እንደሆነ ራሱ አይታወቅም። የላይኛው ነው ስትሉ የታችኛው ይሆናል፣ ጆሮ ድረስ ይወጋል። ስለዚህ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያስነሳው፣ ምን እንደሚያስታግሰው ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ሀኪሙ ወንበር ላይ ስትቀመጡ ግማሹ ይጠፋባችኋል።

አሁን የምለውን በደንብ ያዙልኝ። ለቀናት ሲያሰቃያችሁ የነበረ ጥርስ በድንገት ዝም ካለ ዳነ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ ሞቶ ነው፣ የሚነግራችሁ ነርቭ ስለሌለ ነው ዝም ያለው፣ ኢንፌክሽኑ ግን ከስር አጥንቱ ውስጥ ስራውን እየሠራ ነው። ከሳምንታት ወይ ከወራት በኋላ ስትነክሱበት ያማል፣ ጥርሱ ይጠቁራል፣ ወይም ድዳችሁ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ትወጣለች፣ ትፈነዳለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። እሷ ብጉር መግሉ የሚወጣባት በር ናት፣ ስላላመመች ብቻ አትናቋት።

2. አንቲባዮቲክ ውጣችሁ ቤት አትቀመጡ

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ጥርስ ያለቀው በዚህ ነው። ጥርስ አመመኝ ብሎ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ ልማድ ሆኗል። መድሀኒቱ ወደ ኢንፌክሽኑ የሚደርሰው በደም ነው፣ የሞተ ፐልፕ ውስጥ ደሞ ደም የለም፣ ታዲያ በምን ይደርሳል? ነርቩ ገና ተቆጥቶ ላለ ጥርስ ደሞ የህመሙ መነሻ ግፊቱ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያስታግሰውም። የአሜሪካ የጥርስ ሀኪሞች ማህበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያም ጥርሱ መታከም እስከቻለ ድረስ ለአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ለእንደዚ አይነት የጥርስ ህመም አንቲባዮቲክ አይሰጥ ነው የሚለው። የሚያስፈልገው ኢንፌክሽኑ ከጥርሱ ወጥቶ ወደ ሰውነት መሰራጨት ሲጀምር፣ ማለትም ትኩሳት፣ የሚሰፋ እብጠት፣ ድካም ሲመጣ ነው፣ ያኔም ሀኪም አዞት ከህክምናው ጋ እንጂ በህክምናው ፈንታ አይደለም።

አስፕሪን ፈጭቶ ድድ ላይ ማድረግም አለ፣ እባካችሁ ተዉት፣ አሲድ ስለሆነ ድዱን አቃጥሎ ነጭ ቁስል ይተዋል። ሁለት ህመም ይሆንባችኋል።

ቀጠሮ ከመጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያለባችሁ መቼ ነው፦ እብጠቱ ከአገጭ ስር ወይ ወደ አንገት ሲወርድ፣ ወደ አይን ሲወጣ፣ መዋጥ ወይ መተንፈስ ሲያስቸግር፣ አፍ አልከፍት ሲል፣ ምራቅ መዋጥ አቅቷችሁ ሲዝረበረብ። ይሄ ነገ አይባልም፣ የመተንፈሻ ቱቦን ሊዘጋ ይችላል፣ ሌሊትም ቢሆን ሂዱ።

3. ሀኪሙ ጋ ስትቀመጡ የምትናገሩት እና የምትጠይቁት

ስለራሳችሁ ምንም አትደብቁ። የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ተናገሩ፣ ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ ለሩት ካናል ብዙ ጊዜ ማቆም አያስፈልግም። አርቴፊሻል የልብ ቫልቭ ያለው ሰው ከህክምናው በፊት አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ስለሚችል ቀድሞ መናገር አለበት። ስኳር ካለባችሁ፣ ለአጥንት መሳሳት መድሀኒት ከወሰዳችሁ፣ ለመድሀኒት ወይ ለላቴክስ ጓንት አለርጂ ካላችሁ እንደዛው። እርጉዝ ከሆናችሁ የሚመቸው መሀለኛው ሶስት ወር ነው፣ ጥርሱ ካስቸገረ ግን በየትኛውም ወር መታከም ይቻላል፣ ለኤክስሬዩም ለማደንዘዣውም መደረግ ያለበት ጥንቃቄ ይደረጋል፣ ኢንፌክሽን ይዞ መቆየቱ ነው የሚጎዳው።

ሀኪሙ በብርድ ይፈትነዋል፣ በመሳሪያ ጫፍ መታ መታ ያደርገዋል፣ ድዱን ይጫናል፣ ከጎኑ ያሉትን ጥርሶችም እንደዛው ያደርጋል፣ ይሄ ጥፋተኛውን ለመለየት ነው። ኤክስሬይ ግዴታ ነው። ሳይነሳ የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ ተነሱና ውጡ።

ከዛ እነዚህን ጠይቁ፣ አትፈሩ፦ ይሄ ጥርስ ሩት ካናል ከተሠራለት በኋላ የሚቆም በቂ አካል አለው ወይ? ስንት ካናል ነው? ስንት ቀጠሮ? ራበር ዳም (የሚታከመውን ጥርስ ለብቻው የሚለይ የላስቲክ ሸራ) ትጠቀማለህ? መጨረሻ ላይ ኤክስሬይ ይነሳል? ክራውን ያስፈልገዋል፣ ዋጋው አብሮ ነው ወይስ ለብቻ? የመጨረሻዋን የምላችሁ ብዙ ሰው የሩት ካናሉን ብቻ ከፍሎ ክራውኑ ሲመጣ አቅም አጥቶ ስለሚቀር ነው። ከመጀመሪያው ሙሉውን ሂሳብ እወቁት።

ለምን ዝም ብዬ አላስነቅለውም ለምትሉ፣ አንዳንድ ጥርስ በእውነት መነቀል አለበት፣ ስሩ ከተሰነጠቀ ወይ ከድድ በታች ከበሰበሰ መታገሉ ዋጋ የለውም። የሚድን ከሆነ ግን የራስን ጥርስ የሚያህል የለም፣ ከተነቀለ በኋላ አጥንቱ ይሟሽሻል፣ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፣ በብሪጅ (ከጎን ባሉት ጥርሶች ላይ በሚደገፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ወይ በኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) እተካለሁ ካላችሁ ደሞ ያ ሌላ ወጪ ሌላ ጊዜ ነው። ሩት ካናል የተሠራለት ጥርስ ሌላ በሽታ ያመጣል፣ ካንሰር ያመጣል የሚለው ወሬም ዌስተን ፕራይስ የሚባል የጥርስ ሀኪም የዛሬ መቶ አመት ገደማ ካደረጋቸው ሙከራዎች የመጣ ነው፣ ሙከራዎቹ በኋላ በደንብ ሲፈተሹ አልቆሙም፣ በዛ ወሬ ግን በጊዜው ስንት ደህና ጥርስ በከንቱ ተነቀለ።

4. የቀጠሮው ቀን

ካልከለከሏችሁ በስተቀር በልታችሁ ሂዱ፣ ከዛ በኋላ ለሰአታት ከንፈራችሁ ስለሚደነዝዝ መብላት አትችሉም፣ የምትወስዱትን መደበኛ መድሀኒትም ውሰዱ። አንድ ቀጠሮ ከ1 ሰአት እስከ 1 ሰአት ተኩል ይፈጃል ብላችሁ አስቡ።

ማደንዘዣው ይወጋል። እሱ ነው እንግዲህ ከሁሉም የሚያመው፣ እሱም ለሰከንዶች ነው። በጣም የተቆጣ የታችኛው መንጋጋ ግን አንዳንዴ በአንድ መርፌ አይደነዝዝም፣ ከንፈራችሁ ደንዝዞ ጥርሱ ግን ሊሰማችሁ ይችላል፣ ይሄ የናንተ ድክመት አይደለም የሀኪሙም ስህተት አይደለም። ታግሼ ልለፈው እንዳትሉ። ሳትጀምሩ ሲያመኝ ግራ እጄን አነሳለሁ ብላችሁ ተስማሙ፣ ሲያማችሁ አንሱ፣ ይቆማል፣ በጥርሱ ጅማት በኩል ወይ በቀጥታ ፐልፑ ውስጥ ተጨማሪ ይሰጣል።

ቀጥሎ ራበር ዳም ይገባል። ቀጭን የላስቲክ ሸራ ነው፣ የሚታከመው ጥርስ ብቻ በቀዳዳው ብቅ ይላል፣ በትንሽ ብረት መቆንጠጫ ይያዛል። ሳንፎርድ ባርነም የሚባል የኒውዮርክ የጥርስ ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1864 ያመጣው ነገር ነው፣ እስካሁን የተሻለ አልተገኘለትም። ሁለት ነገር ይሠራል፣ ምራቅ ከነባክቴሪያው ካናሉ ውስጥ እንዳይገባ ያደርጋል፣ ደሞ ፋይል የምትባለው፣ ካናሉ የሚጠረግባት መርፌ የምታክል መሳሪያ፣ ከሀኪሙ እጅ ብታመልጥ ወደ ጉሮሯችሁ እንዳትገባ ይከለክላል። የመጀመሪያው ጥርሴ ላይ አልተደረገልኝም ነበር፣ ጥጥ ብቻ ነበር የከበበው፣ ያኔ ማወቅ ስላለብኝ ነገር አንድም አላውቅም ነበርና ዝም አልኩ። እናንተ ጠይቁ።

ከዛ ጥርሱ ከላይ ይከፈትና ካናሎቹ ይፈለጋሉ። ሁለተኛዋ ዶክተሬ የምታደርገውን ሁሉ እየነገረችኝ ነበር የምትሠራው። ፋይሏ ላይ ትንሽዬ የጎማ ቀለበት አለች፣ ፋይሉን አስገብታ ከንፈሬ ላይ ከተንጠለጠለች ሽቦ ጋ ያገናኘችው ማሽን ጢጥ ጢጥ ሲል ቆየና የስሩ ጫፍ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተቀየረ፣ ቀለበቷን ጥርሱ ጫፍ ላይ አስጠግታ አወጣችውና በማስመሪያ ለካችው፣ 20 ሚሊሜትር አለች። ለያንዳንዱ ካናል እንደዛ እያደረገች ጻፈችው። ለልኩ ለምን እንደዛ ይጨነቃሉ ካላችሁ፣ ካጠረ ከታች ቆሻሻ ይቀራል፣ ከረዘመ ደሞ ከስሩ ወጥቶ አጥንቱን ይቆጠቁጣል።

መሀል መሀል ላይ የበረኪና ሽታ ይሸታችኋል፣ አትደንግጡ፣ በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ራሱ ነው፣ ለዚህ ስራ በተመጠነ መልኩ ካናሉ የሚታጠብበት። ፋይል ብቻውን ሁሉንም ጥግ አይደርስም፣ ዋናውን ጽዳት የሚሠራው ይሄ ፈሳሽ ነው፣ ስለዚህ ደጋግሞ የሚያጥብ ሀኪም ጊዜ ፈጀብኝ ብላችሁ አታማርሩ። አፋችሁ ውስጥ ጣእሙ ከመጣ ወይ ድንገት ኃይለኛ ቃጠሎ ከተሰማችሁ ግን ወዲያው እጃችሁን አንሱ።

በአንድ ቀን ካላለቀ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል ነጭ መድሀኒት ውስጡ ተደርጎ በጊዜያዊ ሙሌት ይዘጋል። ሲያልቅ ደሞ ካናሉ ይደርቅና ጉታ ፔርቻ በሚባል ጎማ መሰል ነገር ከማጣበቂያ ጋ ይደፈናል፣ የመጨረሻው ኤክስሬይ ላይ ከላይ እስከ ስሩ ጫፍ አጠገብ ድረስ ነጭ መስመር ሆኖ ታዩታላችሁ። አሳየኝ በሉ።

5. ቤት ስትገቡ

ድንዛዜው እስኪለቅ አትብሉ፣ ከንፈርና ጉንጭ ሳይታወቅ ይነከሳል፣ ለልጆች በተለይ ጠብቋቸው። ለ2 ወይ 3 ቀን፣ አንዳንዴ እስከ ሳምንት ድረስ ስትነክሱበት ማመሙ የተለመደ ነው፣ ነርቩ ወጥቶ ምኑ ነው የሚያመኝ ትሉ ይሆናል፣ የሚያመው በጥርሱ ዙሪያ ያለው ጅማት ነው። አይቡፕሮፌን መውሰድ ለሚችል አዋቂ 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከ500 ወይ 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋ አብሮ መውሰድ በደንብ ይሠራል፣ ፓራሲታሞሉ በ24 ሰአት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም አይለፍ። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም እርጉዝ የሆነች አይቡፕሮፌኑን ሀኪም ሳይጠይቁ አይውሰዱ፣ አስም ያለበትም እንደዛው።

ህመሙ በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት። እየጨመረ ከመጣ፣ ካበጠ ወይም አፋችሁን ስትገጥሙ ያ ጥርስ ቀድሞ የሚነካ ከመሰላችሁ ደውሉ፣ የመጨረሻው ትንሽ በመሞረድ ወዲያው ይስተካከላል።

6. ጊዜያዊው ሙሌት ጊዜያዊ ነው

እኔን ያስነቀለኝ ይሄ ነው። ጊዜያዊ ሙሌት የተሠራው ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይደለም። ይሸረሸራል፣ በጠርዙ በኩል ምራቅ ይገባል፣ ምራቅ ከገባ ያ ሁሉ የታጠበ ካናል እንደገና ይበከላል። እስከ ቀጣዩ ቀጠሮ በዛ በኩል ደረቅና የሚያጣብቅ ነገር አታኝኩ፣ ጥርሳችሁን ግን እንደወትሮው ቦርሹ። ላዩ ትንሽ ቢቦረቦር ችግር የለውም፣ ሙሉ በሙሉ ከወደቀ ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቁ ሂዱ። አልታመምኩም ብላችሁ አትቅሩ፣ የሚያም ነርቭ እኮ ወጥቷል።

7. ክራውን

የፊት ጥርስ ብዙ አካሉ ካለ በሙሌት ብቻ ሊቀር ይችላል። መንጋጋና ከፊቱ ያሉት ግን አብዛኛውን ጊዜ ክራውን ይፈልጋሉ፣ መሀላቸው ስለተቦረቦረ የቀረው ግድግዳ ቀጭን ነው፣ ደሞ ትልቁን የማኘክ ጫና የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ሩት ካናሉ የቱንም ያህል ቢያምር ላዩ ካልተሸፈነ እንደኔ ይሰነጠቃል። ሀኪሙ ቆይተን እንየው ካላላችሁ በስተቀር በሳምንታት ውስጥ አሠሩት። አሁን ገንዘቡ ከሌላችሁ ዝም ብላችሁ ከምትጠፉ ንገሩት፣ ጥርሱን ከላይ ዝቅ አድርጎ በጠንካራ ሙሌት አንዳንዴ ጊዜ ይገዛላችኋል።

8. ከዛ በኋላ

ከ6 ወር እስከ 1 አመት ባለው ጊዜ ሄዳችሁ ኤክስሬይ ተነሱ። አጥንት ተበልቶ ከነበረ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ አንዳንዴ አመታት ይፈጃል፣ ስለዚህ ጥቁሩ ጥላ በ6 ወር ሙሉ በሙሉ ስላልጠፋ ብቻ አልተሳካም አይባልም፣ እየጠበበ መሆኑ ነው የሚታየው። ነርቭ የለውም ማለት ደሞ አይቦረቦርም ማለት አይደለም፣ ክራውኑ ከድድ ጋ የሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ሊቦረቦር ይችላል፣ ስለማያም አታውቁትም፣ በክር መሀል መሀሉን አጽዱ።

ከአመታት በኋላ ድዱ ላይ ያቺ ብጉር ከተመለሰች ወይ ስትነክሱ ካመመ ሁልጊዜ ይነቀላል ማለት አይደለም፣ ድፍኑን አውጥቶ እንደገና ማጽዳት ይቻላል፣ ካልሆነም በድድ በኩል ገብቶ የስሩን ጫፍ ቆርጦ ማውጣት አለ። ያኔ የሚያክማችሁ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው የድሮው ኤክስሬይ አለ ወይ የሚል ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሉትን ፎቶዎች በሙሉ፣ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን፣ የየካናሉ ርዝመት የተጻፈበትን ወረቀትም ጭምር፣ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።